ማቆያው ሊዘጋ ነው ሲሉን ያደረግነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሥሪያ ቤታችሁ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የሕፃናት ማቆያውን እዘጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ምክንያቱ «የተጠቃሚ ቁጥር ማነስ» ነው ተብሏል። የስምንት ወር ልጅ አለሽ። ፊርማ ብናሰባስብ ዋጋ አለው ወይ፣ ደግሞስ የአለቆች ጥርስ ውስጥ አንገባም ወይ ነው ያልሽው። እኔ በ2014 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውስጥ ይኸው ደርሶብኛል። ስሙን አልጠራም። ያደረግነውንም የተሳሳትነውንም እነግርሻለሁ።

ፊርማው ዋጋ አለው። ግን በፊርማ አትጀምሩ። እኛ በእሱ ጀምረን ከአንድ ወር በላይ አቃጥለናል።

የእኛ ነገር በማስታወቂያ አልመጣም። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ልጄን ላጠባ ስወርድ፣ ከጠቅላላ አገልግሎት የመጡ ሁለት ሰዎች ክፍሉን በሜትር ሲለኩ አገኘኋቸው። አንደኛው ጥግ ላይ ተንበርክኮ የሜትሩን ጫፍ ይዟል። ሌላኛው እየጎተተ ወደ በሩ ይሄዳል። መሃል ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል። ፍራሹ ላይ የፋይናንሷ ባልደረባዬ ልጅ ተኝታለች። ሜትሩ በላይዋ አለፈ። «አራት ሜትር ከስልሳ» አለ ሰውየው፣ እንዳትነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ክፉ ሰው አልነበረም። የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ይገባ እንደሆነ አይተህ ና ተብሎ ነው የመጣው። እኔ ግን ያን ዕለት ልጄን አቅፌ ተቀምጬ ወተቱ አልወርድ አለኝ።

ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ የሚገባሽ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ማቆያ አልነበረንም። የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበር። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አትስጪው ይሉሻል። መሥሪያ ቤትሽ ደግሞ በ3 ወሩ ግቢ ይልሻል። እኔ የምኖረው ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰርቪሳችን ገና ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሲሆን ይነሳል። ማታ ቤት ስገባ አንድ ሰዓት ያልፋል። አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ ልጄን ለሠራተኛ ትቼ እሄድ ነበር። በዚያ ዓመት ሦስት ሠራተኛ ለዋወጥኩ። አንዷን በጣም እወዳት ነበር፤ ልጄም ለምዷት ነበር። ፓስፖርቷ ሲደርስላት ዓረብ አገር ሄደች። ምን ልላት እችላለሁ? እኔ ከምከፍላት ብዙ እጥፍ ነው የሚከፍሏት። ከደላላ ዘንድ ሌላ እስካመጣ ዘጠኝ ቀን ከዓመት ፈቃዴ ተቆረጠ። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሸሚዜ በወተት ሲርስ፣ በፋይል ደረቴን ሸፍኜ የወጣሁበት ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ ማቆያው ተከፍቶ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሥራዬን ያልለቀቅኩት በዚያ ክፍል ምክንያት ነው።

እንግዲህ በዚያ ስሜት ነው የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍነው። ሦስት ገጽ ሙሉ የእናትነት ሸክም። 80 የሚሆን ሰው ፈረመበት። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ አንድ አንቀጽ። የሠራተኛው ስሜት የሚገባቸው ቢሆንም ባለፈው በጀት ዓመት ማቆያውን የተጠቀሙት በአማካይ 6 ሕፃናት ስለሆኑ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ማዋል ግድ ሆኗል ይላል። እነሱ ቁጥር ይዘው መጥተዋል። እኛ አንድም ቁጥር አልነበረንም።

ቁጥሩን ያገኘነው ከዋናዋ ሞግዚት ደብተር ነው። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። ማንም ሳያዛቸው ማቆያው ከተከፈተ ቀን ጀምሮ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። የልጁ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ማን እንዳመጣው። እናቲቱ ለማጥባት በወረደች ቁጥር ጎኑ ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጋሉ። አራት ደብተር ሞልቷል። አንዳንዱ ገጽ ላይ አጥሚት ፈስሶበታል። ሁለት ቅዳሜ እኔ ቤት ተሰብስበን ቆጠርነው።

መጀመሪያ ያወቅነው 6 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ነው። የ2013 አማካይ ነው። ኮሮና በመጋቢት 2012 አገር ውስጥ ሲገባ ማቆያው ተዘግቶ ነበር። እንደገና ሲከፈት ሰው ፈርቶ ልጁን አላመጣም። ደብዳቤው በተጻፈበት ወር ግን የተመዘገቡት 17 ደርሰው ነበር። ያንን ማንም ወርዶ አልቆጠረም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ማቆያው የሚቀበለው ከ6 ወር በላይ የሆነ ሕፃን ብቻ ነበር። እናት የምትመለሰው በ3 ወሯ ነው። መሃል ያሉትን ሦስት ወራት የት ታድርገው? ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ ወይ እናቷን ከገጠር ታስመጣለች። ስድስት ወር ሲሞላው ልጁ እቤት ለምዷል፤ ማቆያው ይረሳል። በዚያ ዓመት ከወለዱት 11 ባልደረቦቻችን ልጃቸውን ያመጡት 4 ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። አንዳቸውም «ማቆያው አያስፈልገኝም» አላሉንም። በዚያ ላይ ማቆያው የሚዘጋው 10:30 ነው። ሥራ የምንወጣው 11:30። ሞግዚቶቹ ኮንትራት ናቸው፤ የትርፍ ሰዓት አይከፈላቸውም። ስለዚህ ልጅሽን የምታመጪው አለቃሽ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ውጪ ካለሽ ብቻ ነው። እኔ ጥሩ አለቃ ነበረኝ። ሌላዋ ያልነበራት ምን ታድርግ?

ስለዚህ እህቴ፣ «ተጠቃሚ የለውም» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትከራከሩ፤ አዎ አለው አትበሉ። ለምን የለውም ብላችሁ ጠይቁ። ክፍሉ ለማን አመቺ እንዳልሆነ እዩ። የመግቢያ ዕድሜው፣ የመዝጊያ ሰዓቱ፣ ምግብ ማሞቂያው፣ ደረጃው። ብዙ ቦታ ማቆያ በአንድ ቀን አይዘጋም። ቀስ በቀስ ሰው እንዳይገባበት ይሆናል፣ ከዚያ ባዶ ነው ይባላል። ይህን የምለው ሆን ብለው ነው ለማለት አይደለም። የእኛዎቹ አላዩትም ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ሆነ። አንዱ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። ሌላው ሦስት ጥያቄ። መግቢያው ከ3 ወር ይሁን፣ መዝጊያው ከሥራ መውጫ በኋላ ይሁን፣ ለመዝገብ ቤቱ ሌላ ክፍል አብረን እንፈልግ። ከሕጉ የጠቀስነው ጥቂት ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በአንቀጽ 48 ስለ ወሊድ ፈቃድ ሲያወራ፣ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዛል። ከዚያ ወዲህ አዋጁ ተተክቷልና ስትጽፉ የአሁኑን ጽሑፍ ከሕግ ክፍላችሁ ወስዳችሁ ቃሉን እንዳለ አስገቡ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ፣ አስተዳደር ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስድ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕፃናቱ ደኅንነት ነው ይላል። ይቺን አንቀጽ ያገኘልን የሕግ ባለሙያ የሆነ ወንድማችን ነው፤ እሱ ልጅ እንኳ የለውም።

ስለ አባቶች ካነሳሁ ላይቀር። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ላይ የፈረሙት ሴቶች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። በዚህ የተነሳ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ተብሎ ወደ ሴቶች ጉዳይ ክፍል ተመራና እዚያ ተኛ። የእማማን ደብተር ስናይ ግን ከ17ቱ ሕፃናት 5ቱን ጠዋት የሚያመጧቸው አባቶች ናቸው። አንደኛው ሾፌር ነው። ሚስቱ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ እዚያ ማቆያ የሚባል ነገር የለም። ስብሰባው ላይ ተነስቶ «ይቺ ክፍል ከተዘጋች እኔ ነኝ ሥራ የምቀረው» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛ ሴቶቹ ያንኑ ስንት ጊዜ ብለነዋል፤ የተሰማው እሱ ሲለው ነው። ያናድዳል፣ ግን ተጠቀሙበት። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 ራሱ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ወንድና ሴት ሠራተኞች ነው የሚያወራው፤ የሕፃናት ማቆያንም በስም ይጠራል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ምንም አይደርስብሽም ብዬ አልዋሽሽም። የዚያ ግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ያለ ምክንያት ወረደ። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመልክቼ በከፊል ተስተካከለልኝ። አንዳንድ ሰው ኮሪደር ላይ ሰላምታውን ቀነሰ። ይኼ ያልፋል። የማያልፈኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ «ሞግዚቷ እንደነገሩን» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። እማማ ተጠርተው «የመሥሪያ ቤት መረጃ ለማን ሰጠሽ» ተባሉ። በዕድሜያቸው የልጅ ልጅ ያላቸው ሴት ቢሮ በር ላይ ቆመው ሲንቀጠቀጡ አየኋቸው። ኮንትራታቸው በየስድስት ወሩ ነው የሚታደሰው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እባክሽ፣ ሞግዚቶቹን አታስፈርሙ፣ ስማቸውንም አትጥሩ። መረጃው በወላጆች ቆጠራ ይቅረብ። ነገር ግን ከጥያቄዎቻችሁ አንዱ የእነሱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይሁን። ፊርማውን ደግሞ በፊደል ተራ አድርጉት፤ «መጀመሪያ የፈረመችው ማናት» የሚባል ነገር እንዳይኖር። ልጅ የሌላቸው አንጋፋ ሠራተኞች ከፈረሙ ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው።

የሆነውን ልንገርሽ። ዋና ዳይሬክተሩ አንድ ቀን 9 ሰዓት ላይ ራሳቸው ወረዱ። ልጆቹ ከእንቅልፍ እየነቁ ነበር። ብዙም አልተናገሩም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማቆያው እንደማይዘጋ ተጻፈልን። መግቢያው ከ3 ወር ሆነ። መዝጊያው 11:45 ሆነ። እማማም ኮንትራታቸው ታደሰ። ሁሉን አላገኘንም። ክፍሉ ተቀይሮ ጠባብ ሆነ፤ ልጆቹ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት በረንዳም ቀረ። እኔም ራሴ ብዙ አልተጠቀምኩበትም፤ ልጄ ዕድሜው አልፎ ወጣ። ከእኔ በኋላ የወለደችው የፕላን ክፍሏ ባልደረባችን ግን በ3 ወሯ ልጇን ይዛ ገባች። ይኸው ነው ያስደሰተኝ።

ጥያቄሽ ላይ የመንግሥት ይሁን የግል አልጻፍሽም። የግል ድርጅት ከሆነ መንገዱ ይለያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ያንኑ 30 እና 90 ቀን ይሰጣል፤ ማቆያ አቋቁም ብሎ ግን አሠሪውን አያስገድድም። ያላችሁ ጉልበት የሠራተኛ ማኅበሩና የኅብረት ስምምነቱ ነው። ማቆያው በስምምነቱ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ በማስታወቂያ ብቻ አይነሳም። ካልተጻፈ በሚቀጥለው ድርድር እንዲገባ ካሁኑ ማኅበሩን ያዙ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበሩ ስለሌለን ነው በደብዳቤና በቅሬታ የሄድነው። መሥሪያ ቤቱ እምቢ ቢል የሚቀጥለው እንባ ጠባቂ ተቋም ነበር፤ አቤቱታውን ጽፈን አስቀምጠን ነበር፣ ሳያስፈልገን ቀረ።

ለማንኛውም ማስታወቂያውን ነገ ጠዋት ፎቶ አንሺው፤ ቀኑና ማኅተሙ እንዲታይ። ከዚያ ለሁሉም ወላጅ አንድ ጥያቄ ብቻ አድርሺ፤ ልጅህን ወይም ልጅሽን የማታመጡት ለምንድን ነው? መልሱን ጻፊው። የእኛን ሁለተኛ ደብዳቤ ከፈለግሽ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ። ልጅሽን ሳሚልኝ።