መልስ፦ ፔት ስካኑ ንጹህ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይቀራል?

የወንድምህ የዘር ፍሬ ካንሰር ሴሚኖማ (ከሁለቱ ዋና ዋና የዘር ፍሬ ካንሰር ዓይነቶች አንዱ) ያልሆነው ዓይነት ከሆነ አይቀርም። እንደጻፍከው ኬሞውን ጨርሷል፣ የደም ምርመራው ወደ ልኩ ተመልሷል፣ ሲቲው ላይ ግን ከሆድ ዕቃው ጀርባ የ2 ሳንቲሜትር ንፍፊት ቀርቷል። እዚህ ላይ ውሳኔውን የሚመራው የሲቲ ስካኑ ልኬት ነው። ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገና ይወጣል።

ፔት ለምን እንደማያዋጣ ልንገርህ። ፔት የሚያሳየው ስኳር በብዛት የሚስብ ህዋስን ነው። ከኬሞ በኋላ የሚተርፈው እጢ ግን ብዙ ጊዜ ቴራቶማ የሚባለው ዓይነት ነው። ቴራቶማ ስኳሩን እምብዛም አይስብም፤ ኬሞም አይገድለውም። ስለዚህ ምስሉ ንጹህ ይመስላል፣ እጢው ግን እዚያው አለ። ቆይቶ ሊያድግ፣ አጠገቡ ያሉትን የደም ሥሮች ሊጫን፣ አልፎ አልፎም ወደ ክፉ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

ፔት የሚጠቅመው ለሴሚኖማ ነው። ያውም የቀረው ከ3 ሳንቲሜትር ሲበልጥ፣ ኬሞው ካለቀ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ።

አንድ ነገር አደራ። የእኔ ታናሽ ወንድም ለዚሁ ቀዶ ጥገና ሲቀርብ የያዝነው የመጨረሻውን ሲቲ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ከኬሞ በፊት የተነሳውንም ጠየቀን። ሲዲው ጠፍቶ ቀጠሮው ተራዘመ፣ በጣም ተጨነቅን። የድሮው ምስል የሚፈለገው እጢው መጀመሪያ የት የት እንደነበረ አይቶ የሚጸዳውን ቦታ ለመወሰን ነው። የውጤት ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱንም ምስሎች በሲዲ ያዙ። ልጅ መውለድ የሚፈልግ ከሆነም ዘር ስለማስቀመጥ አሁኑኑ ይጠይቅ፤ ቀዶ ጥገናው የዘር መርጫ ነርቮችን ሊነካ ይችላል።