ስልኩ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ለምን ይጠፋል?

ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወንድማችን ችግሩን እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ኢንተርኔቴ የሚመጣው በመደበኛው ስልክ መስመር ነው። ስልኩ በጠራ ቁጥር ይቋረጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ስልኩ ውስጥ ይንሿሿል፣ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ጠቅ ጠቅ ይላል። ሞደም ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ልግዛ?»

አብሽር ወንድሜ፣ አትግዛ። ሞደሙ ምንም አላጠፋም።

ከውጭ ወደ ሱቅህ የሚገባው አንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነው። ድምፁም ኢንተርኔቱም በዚያችው ጥንድ ነው የሚመጡት። የማይጋጩት መንገዳቸው ስለሚለያይ ነው። የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ባለው ታችኛው ክፍል ይሄዳል። ኤዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት ደግሞ ከ25 ሺህ ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ከሚሊዮን በላይ እስኪደርስ ላይ ላዩን ይጓዛል። በመሃል ሆና የምትለያቸው ያቺ ትንሽ ሳጥን ፊልተር ናት። ያለ ፊልተር የተሰካ ስልክ የኢንተርኔቱን ሲግናል ይሻማል፣ እጀታው ሲነሳ ደግሞ ይባስ ይረብሸዋል። ሰው ሞደሙ ጋ አንድ ፊልተር አድርጎ ጓዳ ያለውን ሁለተኛ ስልክ ይረሳዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ፋክስም ይኖርህ ይሆናል፤ ለመስመሩ ፋክስም ያው ስልክ ነው፣ ፊልተር ይፈልጋል።

እንግዲህ መጀመሪያ ይህን ሞክር። ስልኩንም ፋክሱንም በሙሉ ንቀል። ሞደሙን ብቻ፣ መስመሩ ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ በሚያገኘው ሶኬት ላይ ሰካው። ኢንተርኔቱ ሲረጋጋ በሞባይልህ ወደዚያው ቁጥር ደውል። የሚጮህ ስልክ ባይኖርም የጥሪው ኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ይመጣል። ኢንተርኔቱ ከጸና ጥፋቱ ከነቀልካቸው ዕቃዎች ወይም ከውስጥ ሽቦህ ነው፤ አንድ በአንድ በፊልተር እየመለስክ ሌባውን ያዝ። አሁንም ከጠፋ ግን ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ተበልቷል ማለት ነው።

ዝናቡን ስላነሳህልኝ እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው።

ስልክ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሽቦው ላይ 48 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ። ጥሪ ሲመጣ ማዞሪያው፣ ማለትም መስመሮችን የሚያገናኘው የቴሌ መሣሪያ፣ በዚያ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጨምርበታል። ጤነኛ መጋጠሚያ ይህን ይችለዋል። ግማሹ የዛገ መጋጠሚያ ግን አንዴ ያስተላልፋል፣ አንዴ ይዘጋል፣ ሞደሙም መስመሩ የተቆረጠ መስሎት እንደ አዲስ ይነሳል። እኔ ራሴ ከአንድ ቤት ክዳን ስር በናስትሮ ተጠቅልሎ የኖረ መጋጠሚያ ፈትቼ አረንጓዴ ዱቄት ብቻ አግኝቻለሁ፤ መዳብ የነበረ ነገር ነው። ናስትሮ በደሴ ጉምና ዝናብ ውሃውን አይከለክልም፣ ይልቁንም አቅፎ ያስቀምጠዋል።

ጠቅ ጠቅ የሚለው ነገር ደግሞ የሚያስቅ ታሪክ አለው። ድሮ ስልክ የምታገናኘው ኦፕሬተር ነበረች። አሜሪካ ውስጥ አልሞን ስትሮውጀር የሚባል የቀብር አስፈጻሚ፣ ኦፕሬተሯ ደንበኞቼን ወደ ተፎካካሪዬ ትመራብኛለች ብሎ ተናደደ ይባላል። ተናዶ አልቀረም፣ ያለ ሰው የሚያገናኝ ማዞሪያ ሠራና በ1891 ፓተንት አወጣ። በዓመቱም ላ ፖርት በምትባል የኢንዲያና ከተማ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በመጣው የሚዞር ቁጥር ስልክ፣ አሃዝ ማለት መስመሩን ቆረጥ ቀጠል ማድረግ ነው። 3 ለመደወል ሦስት ጊዜ ይቆረጣል፣ ለ0 አሥር ጊዜ። በቁልፍ የሚደወለው ስልክ ከመጣም በኋላ ብዙ ማዞሪያዎች ያንን የድሮ ቋንቋ አልረሱም። ስለዚህ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ ቆረጥ ቀጠል ሲል ማዞሪያው ሰው እየደወለ ሊመስለው ይችላል። አንዳንድ መስመር በዚህ ምክንያት ራሱ ቁጥር ደውሎ ያውቃል። ጂን አይደለም፣ ዝገት ነው።

የመስመሩን ድምፅ ለመፈተን እጀታውን አንሳና አንድ ቁጥር ብቻ ተጫን። የዲያል ድምፁ ይቆማል፤ ለጥቂት ሰከንድ ዝምታውን አዳምጥ። ዝም ማለት ሲገባው እንደ ሚጠበስ ሥጋ የሚንጫጫ ከሆነ መስመሩ ታሟል። መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ካለህ በደረቅ ቀንና በዝናብ ቀን ስልኩን ሳታነሳ የሽቦውን ቮልት ለካ። በፀሐይ 48 ወይም 50 ብሎ በዝናብ በጣም ከወረደ ኤሌክትሪኩ በእርጥበት በኩል ወደ ሌላ ነገር እየፈሰሰ ነው። ስትለካ ግን ባዶ ሽቦ በእጅህ አትያዝ፣ ድንገት ስልክ ከተደወለ ያነዝርሃል። ነጎድጓድ ካለ ደግሞ ጭራሽ እንዳትነካው።

በሱቅህ ግድግዳ ውስጥ ያለውን መጋጠሚያ ራስህ ማደስ ትችላለህ። የተበላውን በፒንሳ ቆርጠህ ጣል፣ ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ ላጥ፣ ከዚያ ውስጡ ጄል ባለው የስልክ ሽቦ መጋጠሚያ አያይዘው። ይህ ትንሽ ፕላስቲክ ቆብ ነው፣ በፒንሳ ሲጨመቅ ጄሉ ሽቦውን ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ይቅርብህ። ምሰሶው ላይና ከምሰሶው ወዲያ ያለውን ግን አትንካ፣ እሱ የቴሌ ሥራ ነው።

ስትደውልላቸው አንድ ብልሃት ልንገርህ። «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል» ብቻ አትበል፤ እንዲያ ካልክ መጀመሪያ ሞደምህን አጥፍተህ አብራ ነው የምትባለው። «ስልኩ በዝናብ ይንሿሿል፣ ድምፅ አያሰማም» በል። ያኔ ነገሩ የሽቦ ብልሽት መሆኑ ከመጀመሪያው ይታወቃል። የተቋረጠበትን ሰዓትና የዘነበበትን ቀን በወረቀት ጽፈህ ያዝ፣ ሠራተኛው በፀሐይ ቀን መጥቶ «ይኸው ደህና ነው» እንዳይልህ።

የቀየርከውን የመጀመሪያውን ሞደም ከጣልከውም ፈልገህ አምጣው። ጤነኛ ነው ብዬ እገምታለሁ።