ለጭንቅላታችሁ ብልቃጥ ከማዘዛችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰሞኑን ከእናንተ የምሰማው ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ጭንቅላቴ አልሠራ አለኝ።» «አንብቤ አንብቤ ምንም አይገባኝም።» ብሬይን ፎግ፣ የአእምሮ ጭጋግ ነው ትሉኛላችሁ። ከዚያ ስልካችሁን አውጥታችሁ አሽዋጋንዳ የሚባል የዕፅ ካፕሱል ማስታወቂያ ታሳዩኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ ከዱባይ አስመጥታችሁ ግማሹን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው «ልውሰደው ወይ?» የምትሉኝ።

ፋርማሲስት ነኝ። የተማርኩት ሕንድ አገር፣ ፑኔ ነው። አሽዋጋንዳ የመጣበትን የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ አዩርቬዳን፣ ክፍል ውስጥ ያየሁት በጥቂቱ ነው፤ የቀረውን ያሳየኝ የሰፈሩ ሰው ነው። እና ልንገራችሁ፣ አዩርቬዳ ቀልድ አይደለም። ሕንድ ውስጥ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን የተግባር ልምምዱን ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ከሌሎቹ ባህላዊ ሕክምናዎች ጋር የራሱ ሚኒስቴር አለው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥላችሁ ግን የዚህ ሁሉ ቅንጣቢ ነው። ያውም ለሻጩ የምትመቸው ቅንጣቢ።

ፑኔ ሳለሁ፣ የፈተና ሰሞን አብሮኝ የሚኖር ልጅ ጭንቅላቱ ድፍን አለበት። ሌሊቱን በሻይ ያድራል፣ እኩለ ሌሊት ላይ የተጠበሰ ነገር ይበላል፣ ቀን ይተኛል። የማስታወስ መድኃኒት ፈልጎ ሰፈር ውስጥ ወዳሉ ቫይድያ፣ ማለትም ወደ አዩርቬዳ ሐኪም ሲሄድ ተከተልኩት። ሽማግሌው ሦስት ጣታቸውን የእጁ አንጓ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ምላስህን አውጣ አሉት። ነጭ ነገር ለብሷል። ከዚያ ጥያቄው መጣ። እራት ስንት ሰዓት ትበላለህ? ጠዋት ስትነሳ ይርብሃል? በየቀኑ ትጸዳዳለህ? ቀን ትተኛለህ? ስለ ትምህርቱ አንድም አልጠየቁትም። ልጁ ብሽቅ አለ። የሰጡትም መድኃኒት የለም። እራትህን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቀለል አድርገህ ብላ፣ ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ አድርገው፣ የቀኑን እንቅልፍ ተው፣ ማታ ተኛ፣ ከዚያ ተመለስ። በቃ። ተሻለው አልተሻለው አልነግራችሁም፤ የአንድ ሰው ነገር ማስረጃ አይሆንም።

በእነሱ አስተሳሰብ የአእምሮ ጭጋግ ከሆድ ይነሳል። አግኒ የሚሉት የምግብ መፍጫ እሳት ሲደክም በደንብ ያልተፈጨ ቅሪት ይጠራቀማል። ስሙ አማ ነው። ሰውነትን ያከብዳል፣ ሐሳብን ያፈዛል ይላሉ። አማን ላቦራቶሪ ውስጥ የለካው የለም፤ እኔም ባዮሎጂ ነው ብዬ አላስተምራችሁም። ግን ጢም ብሎ በልቶ ወዲያው የተኛ ሰው ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

እኔ ከአዩርቬዳ ውሰዱ የምላችሁ ይህን ነው፤ መጀመሪያ የሚያስተዉትን እንጂ የሚጨምሩትን አይደለም። በሱሽሩታ ስም በሚጠራው ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ የሕክምና ሁሉ አጭሩ መንገድ መንስኤውን መተው ነው ይላል። በቻራካ ስም የሚጠራው ሌላው ጥንታዊ መጽሐፍ ደግሞ ታፍነው መያዝ የሌለባቸውን የሰውነት ጥሪዎች 13 አድርጎ ይቆጥራል። ሽንት፣ ማስነጠስ፣ ማዛጋት፣ እንባ አሉበት። ረሃብና እንቅልፍም አሉበት። እናንተ እንቅልፉን በቡና፣ አንዳንዴም በጫት፣ ረሃቡን በማኪያቶ አፍናችሁ ትውላላችሁ። ከዚያ ትኩረት የሚጨምር ካፕሱል ትገዛላችሁ። ኧረ ተዉ!

ስለ ካፕሱሉም ልናገር፣ ሥራዬ ነውና። አሽዋጋንዳ የምትሉት ተክል እኛ «ጊዜዋ» የምንለው ነው። እዚሁ በየአጥሩ ጥግ ይበቅላል፤ ለክፉ መንፈስ ተብሎ ይታጠኑታል። በዶላር ስትገዙት ሳይ ይገርመኛል። ሄዳችሁ ነቅላችሁ ቀቅሉ ማለቴ ግን አይደለም፣ አደራ! ጭንቀትን ለመቀነስና ለእንቅልፍ መጠነኛ ጥቅም ያሳዩ ትናንሽ ጥናቶች አሉ። በሌላ በኩል ጉበታቸው የተጎዳ ተጠቃሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግበዋል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የታይሮይድ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አትንኩት። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሌላው ለማስታወስ ተብሎ የሚሸጠው ብራህሚ የሚባል ተክል ነው። በማስታወስ ላይ ለውጥ አሳየ የተባለባቸው ጥናቶች ባብዛኛው 12 ሳምንት ያህል በተከታታይ የተወሰደባቸው ናቸው። ነገ ፈተና ያለበት ሰው ዛሬ ቢውጠው የሚያተርፈው የሆድ ቁርጠት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብልቃጡ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ ነበር። ከአምስቱ በአንዱ ያህል ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የሚገባ ነው፣ ብረታ ብረትን አቃጥሎ ከመድኃኒት ጋር የሚያዋህድ የቆየ ዘርፍ አላቸው። እርሳስ ደግሞ አእምሮን ነው የሚጎዳው። ጭንቅላቴ ይጥራልኝ ብሎ እርሳስ መዋጥ!

እራት አስተካክላችሁ፣ ሌሊት ተኝታችሁ፣ ጥቂት ሳምንት ቆይታችሁም ካልለቀቃችሁ የደም ምርመራ አድርጉ። የደም ማነስ፣ ታይሮይድና ስኳር ይታዩ። አጽዋማቱን ሁሉ ሳታጓድሉ የምትጾሙ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም ጨምሩበት፤ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚገኝ ሊያንስባችሁ ይችላል። ድብርትም ጭንቅላትን እንዲሁ ያደርጋል፤ ለሐኪሙ ለመናገር አትፈሩ። ለአለርጂ ወይም ለጉንፋን የምትውጡትን ኪኒንም አብራችሁ ጥቀሱ። ክሎርፌኒራሚን ያለበት ከሆነ የሚያፈዛችሁ ራሱ ሊሆን ይችላል።