የጥሪ ካርድ ናሙና ላይ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ «ለአራት መቶ እንግዳ የሚሆን የሠርግ ጥሪ ካርድ በትንሽ ገንዘብ እንዴት ላሳትም? ወይስ በቴሌግራም ብቻ ልጥራ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴ ጭንቀት ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። እኔ ያገባሁት ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በጥር ማተሚያ ቤቶች እንዴት እንደሚጨናነቁ አይቻለሁ። ያንቺም ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ያው ነው፤ ጾሙ ያቆየው ሠርግ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣልና ከአሁኑ ተንቀሳቀሺ።

1. ካርድ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በቤት ነው። «ከነባለቤትዎ»፣ «ከነቤተሰብዎ» እየተባለ ስለሚጻፍ እኛ ለ380 እንግዳ 190 ካርድ በቅቶናል። ጓደኞችሽንና የሥራ ባልደረቦችሽን በቴሌግራም ጥሪ፤ ማንም አይቀየምሽም። የአባትሽን የእድር ሰዎች፣ የክርስትና እናትሽን፣ አጎቶችሽን ግን ካርድ በእጅ ሳይሰጧቸው መጥራት አይሆንም። አክስቴ ካርዱን ተቀብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስሟን ቀስ ብላ ስታነብ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ቡፌዋ ላይ ቆሞ ይታያል።

2. ናሙናውን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትፈርሚ። እኔን 8,550 ብር ያስከፈለኝ ይህ ነው፤ 190 ካርድ፣ አንዱ በ45 ብር።

ጽሑፉን በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ነበር የሰጠሁት። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ግን እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ባለፈው ዓመት ለሌሎች ሙሽሮች የሠራውን ፋይል ከፍቶ ስም ብቻ ቀያየረበት። ናሙናው ሲመጣ እኔም ዓይኔ የሄደው ስሞቹ ላይ ነው። የአባቴን ስም፣ የአማቴን ስም ፊደል በፊደል አረጋገጥኩና ፈረምኩ። ካርዱ ታትሞ ቤት ከገባ በኋላ ፖስታ ላይ ስም ይጽፍልን የነበረው ታናሽ ወንድሜ ድንገት እጁን አቆመና «ሠርጉ እሑድ አይደል እንዴ?» አለኝ። ካርዱ «ቅዳሜ ጥር 25» ይላል። ጥር 25 ቅዳሜ የዋለው በ2016 ነበር። ዕለቱ በየዓመቱ በአንድ ቀን ይገፋል፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ደግሞ በሁለት፤ የአምና ፋይል ለዘንድሮ ሠርግ መቼም አይገጥምም።

ካርዱን ይዤ ሄድኩ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። የፈረምኩበትን ናሙና ከመሳቢያ አውጥተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ፊርማው ያንቺ አይደለም? ከፈለግሽ በእስክሪፕቶ አርሚው» አሉኝ። በሠርጌ ካርድ ላይ ስርዝ ድልዝ! ፋይሉ የእነሱ፣ ስሕተቱ የሠራተኛቸው፤ አንዲት የይቅርታ ቃል ግን አልወጣቸውም። ሁለት ቀን ተመላለስኩ፤ አንድ ብር አልመለሱልኝም። እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ካርዱ አንድ ወጥ ነበር፤ ጽሑፉ በወርቅማ ቀለም እዚያው ወፍራሙ ወረቀት ላይ ስለታተመ ፖስታው ሲቀር የሚተርፍ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ የውስጥ ወረቀቱ ከሽፋኑ የተለየ ካርድ ምረጪ፤ ስሕተት ቢገኝ ያንን ወረቀት ብቻ ታስቀይሪያለሽ።

ሁለተኛውን ዙር አራት ኪሎ ባለ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት፣ ወፈር ባለ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ አሳተምን። ከሽሮ ሜዳ የሠርግ ቀሚሴን ጥለት የመሰለ ቀጭን ጥለት በሜትር ገዛን። አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ እናቴና እህቶቼ ከበቡኝ፤ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ጫፉ እንዳይተረተር ወደ ውስጥ አጥፋ በሙጫ ትለጥፋለች። ከእኩለ ሌሊት በፊት ጨረስን። ጥለቱን ጨምሮ አንዱ ካርድ 19 ብር ወጣበት። ያን ካርድ ያየ ሁሉ የት እንዳሳተምነው ይጠይቀን ነበር! በ45 ብሩ እንዲህ ያለ ምስጋና ባላገኘሁ።

አንቺ ናሙናው ሲሰጥሽ እዚያው አትፈርሚ፤ ቤት ውሰጂው። አንድ ሰው ስሞቹን፣ ሌላ ሰው ዕለቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር እያመሳከረ፣ ሦስተኛ ሰው የአዳራሹን ስምና አቅጣጫ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልሽ። ከእኛ የተረፈ አራት ሜትር ያህል ጥለት አለኝ፤ አረንጓዴና ወርቅማ ነው። ቀለሙን ከወደድሽው በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ውሰጂው።