የቡና መቀሸሪያ አቧራና የማይለቅ ሳል

«እናቴ እዚህ ጅማ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ 9 ዓመት ሠርታለች። ሳሉ አልለቅ አላት፤ ቲቢ የለብሽም ተባለች። አቧራው ሊሆን ይችላል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። እኔ አልፌበታለሁ።

መቀሸሪያ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ከጆንያ ወደ ማሽኑ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ጆንያው ገና ሲፈታ አቧራው ፊቴ ላይ ይቦንናል። ማታ ስናፈጥ መሀረቡ ቡናማ ይሆናል። አፋችንን በሻርፕ እንጠቀልል ነበር። ሻርፕ ግን ደቃቁን ብናኝ አያስቀረውም፤ ይህን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

መጀመሪያ ጉንፋን መሰለኝ። ከዚያ «ብርድ መቶህ ነው» ተባልኩ። ሁለቴ አንቲባዮቲክ ዋጥኩ። «ሥራህ ምንድን ነው? በእረፍት ቀንህ ይሻልሃል?» ያለኝ ሦስተኛው ሐኪም ነው። እሁድ እሁድ ቀለል እንደሚለኝ ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት። ከዚያ በትንፋሽ መለኪያ ማሽን አስነፋኝ። ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአየር ቧንቧ መክፈቻ መድኃኒት) ሰጥቶኝ ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ፓፉ ትንፋሹን በደንብ ከከፈተው ነገሩ ወደ አስም ያደላል፤ ካልከፈተው ወደ ሲኦፒዲ፣ ማለትም የአየር ቧንቧ ጠቦ ወደሚቀርበት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም። የኔ ሁለተኛው ሆነ።

ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ሕመሙ የአጫሾች ብቻ ስለሚመስለው ሰው ይህን አያምነኝም። የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምገማ ግን፣ ከ100 የሲኦፒዲ ሕመምተኞች የ14ቱ ያህል ከሥራ ቦታ ብናኝ፣ ጭስና ጋዝ ጋር የተያያዘ ነው። እናትሽ በእንጨት የምታበስል ከሆነ የማድቤቱም ጭስ ይደመርበታል።

ሐኪሙ ባይጠይቅም ሥራዋን ትንገረው፤ ስንት ዓመት፣ የትኛው ክፍል። ለሁለት ሳምንት ሳሉ የሚብስበትንና የሚሻልበትን ቀን ጻፊላት። የትንፋሽ ምርመራውንም ጠይቁ። አክታዋ ደም ካለው፣ ከከሳች ወይም ሌሊት የሚያልባት ከሆነ ቲቢው እንደገና ይታይላት።

ዋናው ከአቧራው መራቅ ነው። ሲኦፒዲ የወሰደውን ትንፋሽ አይመልስም፤ አስም ከሆነ ግን ቶሎ የራቀ ሰው የመሻል ዕድሉ ሰፊ ነው። መራቅ እንጀራ ማጣት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ለዚያ ስል ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ። እስከዚያ ደቃቁን ብናኝ የሚያስቀረውን ኤን95 የሚባል ማስክ ታድርግ። የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ስትጠይቅ አትፈር።

እናትሽ ማሽኑ አጠገብ ናት ወይስ ለቀማ ላይ? ንገሪኝ፣ ለሐኪሙ የምትነግረውን አብረን እንጻፍላት።