ሃም ያስቸገራችሁ ጠይቁ፦ የአማተር ሬዲዮ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ወሬያችን ስለ መብራት ሃም ነው። ስትናገሩ ከድምፃችሁ ሥር «እምምም» እያለ የሚከተላችሁ ጣጣ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። አንድ ልመና ብቻ፦ መበየጃችሁን ከማሞቃችሁ በፊት መጀመሪያ አዳምጡ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው «ድምፅህ ሃም አለው» ይለኛል። የፓወር ሰፕላዩን (ለሬዲዮው ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ሣጥን) ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች) በሙሉ ልቀይር?

ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ስንት ኸርዝ እንደሆነ እወቅ። መብራቱ 50 ኸርዝ ከሆነ፣ ካፓሲተሩ የደከመ ሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ክፍል) የሚያሰማው እጥፉን ነው፤ 100። መብራቱ 60 በሆነበት አገር 120 ይሆናል። ራሱ 50ው ከመጣ ግን በካፓሲተሩ ላይ አትፍረድበት። ብዙውን ጊዜ የማይክ ገመድ፣ የግራውንድ ዙር (መሣሪያዎች ከአንድ በላይ በሆነ የመሬት መስመር ሲገናኙ የሚፈጠር ዙር) ወይም ትራንስፎርመር አጠገብ የተቀመጠ ነገር ነው። ከሬክቲፋየሩ ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት) አንዱ ሲበጠስም 50 ይመጣል።

በጆሮ መለየት ከከበደህ ጓደኛህ ድምፅህን ይቅዳልህና ስፔክትረም (የድምፁን ድግግሞሾች በመስመር) በሚያሳይ አፕ እየው። የታችኛው መስመር በፊልተር ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ቁጠር። በየ50 ናቸው ወይስ በየ100?

ጥያቄ፦ የምሠራው በኤስ.ኤስ.ቢ. (ድምፅ ሲኖር ብቻ ሞገድ በሚወጣበት የማስተላለፊያ ዘዴ) ነው። ማስተላለፊያውን ተጭኜ ዝም ስል ሃሙ የለም፤ ስናገር ይመጣል። ምን ማለት ነው?

እህቴ፣ ግማሹን ሥራ ጨርሰሽልኛል። በኤስ.ኤስ.ቢ. ዝም ስትዪ የሚወጣ ኃይል የለም። ሃሙ በማይኩ በኩል ቢገባ ኖሮ ዝም ስትዪም ይሰማ ነበር። ከንግግርሽ ጋር ብቻ ከመጣ ግን የተጫነው ሲግናሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሪ። ይህ ዘዴ በኤ.ኤም. እና በኤፍ.ኤም. አይሠራም፣ ካሪየሩ (ድምፁን የሚሸከመው ሞገድ) ሁልጊዜ ስላለ።

የኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበር። መልቲሜትሩ 13.8 ቮልት እያለ አሞኘኝ። ኦሲሎስኮፕ (የቮልቱን ውዝዋዜ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ) ሳስገባ፣ በተናገርኩ ቁጥር መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሚሳበውን አምፔር ለ100 ካካፈልሽ በኋላ ለካፓሲተሩ ፋራድ አካፍዪው። 20 አምፔር በ50,000 ማይክሮፋራድ (0.05 ፋራድ) ላይ 4 ቮልት ገደማ ያወዛውዛል። የዚያ ውዝዋዜ ታችኛው ጫፍ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚያረጋጋው ክፍል) ከሚፈልገው በታች ከወረደ ሃሙ ቀጥ ብሎ ያልፋል። የኔ ካፓሲተር ደህና ነበር። ላዩ ላይ ያለው ብሎን ነበር የላላው። አንድ ዙር አጠበቅኩት፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ በመኪና ባትሪ መሞከር ይጠቅማል?

በጣም። በባትሪ ከጠፋ ነገሩ ፓወር ሰፕላዩ ወይም የግራውንድ ዙር ነው። ካልጠፋ ወደ ማይኩ ሂድ። ኮምፒውተሩንም መንቀልህን አትርሳ፤ እሱ ተሰክቶ እያለ የተሞከረ ሙከራ ሙከራ አይባልም።

ጥያቄ፦ የኔ የሚገርም ነው። በደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ የሚገናኝ፣ ሞገዱን የማያሰራጭ የሙከራ ጭነት) ጥርት ያለ ነው፤ አንቴና ሳገናኝ፣ ያውም በአንድ ባንድ ላይ ብቻ፣ ሃሙ ይመጣል።

ይሄ የምወደው ብልሽት ነው፤ ብዙ ሰው ያሳብዳል። የምታሰራጨው ሞገድ ከአንቴናው በኮአክሱ (በአንቴናው ገመድ) ውጫዊ ሽቦ ላይ ተመልሶ ወደ መብራቱ ገመድ ይሄዳል። እዚያ የሬክቲፋየሩን ዳዮዶች ያገኛል። ዳዮዶቹ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሞገዱም አብሮ ይቆራረጥና ሃም ተሸክሞ ተመልሶ ይወጣል። በፓወር ሰፕላዩ ላይ ትልልቅ የማጣሪያ ካፓሲተር ብትደራርብ ምንም አይለውጥም።

በእያንዳንዱ ዳዮድ ላይ ቮልቱን የሚችል 0.01 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር አድርግ። ኮአክሱን አንቴናው ጋ ፌራይት (ማግኔት ነክ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ ደጋግመህ ጠምጥመው። የመብራት ገመዱንም እንዲሁ። ከካፓሲተሮቹና ከፌራይቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ካልከኝ ፌራይቱን እመርጣለሁ፤ ምንጩን ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ ሬዲዮውን ከኮምፒውተር ጋር ሳገናኝ ሃም አለ። አንድ ሰው «የመብራት መሰኪያውን የግራውንድ እግር ቁረጠው» አለኝ።

እንዳትነካው! ያ እግር የነፍስህ መድን ነው። የድምፅ ገመዶቹ መሃል 600 ለ600 ኦም ማግለያ ትራንስፎርመር አስገባ፤ ማስተላለፊያ መቀየሪያውን ደግሞ በኦፕቶካፕለር (ሲግናሉን በብርሃን በሚያሻግር ዕቃ) ለየው። ሁለቱን መሣሪያ ከአንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ መሰካትም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማይኬን በአሉሚኒየም ወረቀት ብጠቀልለውስ?

አይሆንም። የ50 ኸርዝ መግነጢስ ስስ አሉሚኒየምን ከቁብ አይቆጥረውም። ማይኩን ከትራንስፎርመሩ አርቀው፣ ወይም አዙረህ አዳምጥ።

ጥያቄ፦ በሞርስ ስሠራ የሲግናሌ ውጤት 599 ሳይሆን 596 ተባልኩ።

የመጨረሻዋ ቁጥር የቃናህ ውጤት ናት። 9 ንጹህ ነው፤ 6 ማለት ሃሙ በግልጽ ይሰማል። ሰውየው ከልቡ ነው የነገረህ፣ አመስግነው። አብዛኛው ሰው ሳይሰማ 599 ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አሮጌ የቱቦ አምፕሊፋየር አለኝ። ከፍቼ ልፈትሽ?

ነቅለህ ጠብቅ። ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር አራግፍ፣ ከዚያ በመለኪያ አረጋግጥ። ከ2,000 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ተነቅሎም ይቆያል። አልለመድኩም ካልክ ለለመደ ስጠው፤ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። አየሁት፤ መስመሮቹ በየ50 ናቸው። ማይኩን ስነቅለው ጠፋ።

መሰኪያውን ፍታው። ከውስጥ የሺልዱ (የገመዱ መከለያ) ሽቦ ተበጥሶ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ። ገመዱን በእጅህ ስትጨብጠው ሃሙ ከተለዋወጠ እሱ ነው። ካፓሲተሮቹን ተዋቸው።