ከሬዲዮው በፊት አንቴናውንና ኬብሉን አስብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። 6 ሜትር ተኩል የሆነች ባለ ሞተር ጀልባ ገዝተሃል። ለዓሣ ማጥመድ ከዳርቻው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ትርቃለህ። የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ፣ በእጅ የሚያዘው ብቻ አይበቃኝም ወይ፣ አንቴናውስ ምን ያህል ይርዘም ነው ያልከው።

መልሱን ላስቀድምልህ። ጀልባዋ ላይ የሚገጠም፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ማለትም ጀልባዎች እርስ በርስና ከዳርቻ ጣቢያ ጋር የሚነጋገሩበት፣ ይበቃሃል። የተረፈህን ገንዘብ አንቴናው፣ ኬብሉና የኬብሉ ጫፎች ላይ አውለው። ይህን የምልህ የደረሰብኝ ነገር ስላለ ነው።

የመጀመሪያ ጀልባዬ አሮጌ ነበረች። አንቴናውና ኬብሉ ከቀድሞው ባለቤት የቀሩ ናቸው። እኔ ትልቅ ስክሪን ያለው ውድ ሬዲዮ ገዛሁና ከዚያው ኬብል ጋር አገናኘሁት። የዳርቻው ጣቢያ የአየር ሁኔታ ሲያነብ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስለዚህ ይሠራል ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ነፋሱ ከዳርቻው እያራቀ ይገፋናል። አብሮኝ የእህቴ ልጅ ነበር። የጭንቅ ጥሪ በሚደረግበት በቻናል 16 ደጋግሜ ተጣራሁ። ጣቢያው ከሌሎች ጋር ሲነጋገር እሰማለሁ፣ እኔን ግን ማንም አይመልስልኝም። በመጨረሻ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የነበረ ባለ ሸራ ጀልባ ድምፄን ቁርጥርጥ እያለ ያዘውና መልእክቴን ለጣቢያው አስተላለፈልኝ። ያን ሰውዬ ዛሬም በልቤ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አንቴናው ሥር ያለውን ማገናኛ ስፈታው ውስጡ ውኃ ቋጥሯል። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ኬብሉን በቢላ ስሰነጥቀው ሽቦው ወደ ውስጥ እስከ 2 ሜትር ድረስ ጠቁሯል። ኬብሉንና አንቴናውን ቀየርኩ፣ ሬዲዮውን አልነካሁትም። በሚቀጥለው ጉዞ ጣቢያው ከዚያው ቦታ በመጀመሪያ ጥሪ መለሰልኝ።

የዳርቻ ጣቢያ አንቴናው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ኃይሉም ጠንካራ ነው። ስለዚህ በተበላሸ ኬብልም ቢሆን ድምፁ ወደ አንተ ይገባል። ካንተ የሚወጣው ግን መንገድ ላይ ያልቃል። ሌሎቹን ጥሩ አድርገህ ስለሰማህ ብቻ እነሱም አንተን የሚሰሙህ እንዳይመስልህ።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልምጣ። የሚገጠሙት ከፍተኛ ኃይላቸው 25 ዋት ነው፣ ዝቅተኛው ደግሞ 1 ዋት። ርካሹም ውዱም በዚህ እኩል ናቸው። ተጨማሪ የምትከፍለው ለስክሪኑ፣ ለድምፁ ጥራት፣ ውስጡ ላለው ጂፒኤስ፣ የሌሎች መርከቦችን መረጃ ለሚቀበለው ኤአይኤስ ነው። እነዚህ ጥሩ ናቸው፣ ርቀት ግን አይጨምሩልህም። ርቀት የሚጨምረው የአንቴናው ከፍታ ነው። ይህ ሞገድ 156 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የምድርን ክብነት ተከትሎ ብዙም አይታጠፍም። ቀላል ስሌት አለው። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 አባዛው፣ ኪሎ ሜትር ይሰጥሃል። ጫፉ 4 ሜትር ላይ ከሆነ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚሰማህ ጀልባም እንዳንተው 4 ሜትር ካለው ሁለቱን ደምር፣ 16 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የዳርቻ ጣቢያ ግን የራሱን 41 ኪሎ ሜትር ይዞ ይመጣል። በተግባር ከዚህ ትንሽ ቀንስ።

በእጅ የሚያዘው ለምን እንደማይበቃህ ከዚሁ ይገባሃል። ኃይሉ 5 ወይም 6 ዋት ነው፣ አንቴናው አጭር ነው፣ ከፍታው ደግሞ ያንተ ጭንቅላት ያህል ነው። ዝቅ ባለች ጀልባ ላይ ተቀምጠህ ስትናገር የራስህ አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቢሆንም በሁለተኛነት እንድትይዘው አጥብቄ እመክርሃለሁ። የጀልባዋ ባትሪ ውኃ ቢገባው ወይም ጀልባዋ ብትገለበጥ በእጅህ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። የሚንሳፈፍ ይሁን። ውኃ የመቋቋም ደረጃው ቢያንስ አይፒኤክስ 7 ይሁን፣ ይህም 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ሕይወት አድን ጃኬትህ ላይ እሰረው። ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ በጭንቅ ሰዓት አታገኘውም።

አንቴናው ላይ 3፣ 6፣ 9 ዴሲቤል የሚል ቁጥር ታያለህ። ትልቁ ይሻላል ብለህ አትቸኩል። አንቴና ኃይል አይፈጥርም፣ ያለውን ይሰበስባል እንጂ። የእጅ ባትሪ ብርሃንን አስብ። ስታጠበው ሩቅ ይደርሳል፣ እጅህ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ግን ካሰብከው ቦታ ይወጣል። 9 ዴሲቤሉም እንዲሁ ነው። ትንሽ ጀልባ በማዕበል ስትወዛወዝ ሞገዱ አንዴ ሰማይ፣ አንዴ ውኃ ይመታል። ላንተ ጀልባ 2.4 ሜትር ገደማ የሚረዝመው 6 ዴሲቤል ልክ ነው። ባለ ሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች 1 ሜትር ገደማ የሆነውን 3 ዴሲቤል ምሰሶው ጫፍ ላይ ይስቀሉ። እነሱ ከፍታ አላቸው፣ ሲያዘነብሉም ሰፊው ሞገድ ይጠቅማቸዋል። ምሰሶው ቢሰበር አንቴናውም አብሮ ስለሚሄድ ትርፍ አንቴና መያዝ አይርሱ።

ብዙ ሰው የሚያቃልለው ኬብሉን ነው። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል 10 ሜትር ሲሆን ከ25 ዋትህ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 16 ገደማ ብቻ ነው። 20 ሜትር ከሆነ ወደ 10 ይወርዳል። ወፍራሙ አርጂ-213 በ10 ሜትር 20 ገደማ ያደርስልሃል። መሐል ላይ አርጂ-8ኤክስ አለ። ላንተ ጀልባ ከ5 ወይም 6 ሜትር በላይ ስለማትፈልግ እሱ ይበቃል። ሽቦው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ይሁን። ራቁቱን የሆነ መዳብ ጨዋማ አየር ላይ አይቆይም። ኬብሉን በኃይል አትጠፍ። በርም አይጨፍልቀው።

ጫፎቹ ላይ ጊዜህን አትሰስት። ሶልደር የሚደረገውን ማገናኛ እመርጣለሁ። የውጭው መረብ ሽቦ አንድ ፀጉር እንኳ መሐል ያለውን እንዳይነካ በደንብ እይ። ከአንቴናው በኩል ያለውን ማገናኛ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ እየደራረብክ ጠቅልለው። ከላይ ወደ ታች ከጠቀለልከው ውኃው መደራረቢያው ሥር ይገባል። ኬብሉ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የኤሌክትሪክ መስመሩንም እይ። በ25 ዋት ስትናገር ሬዲዮው 5 ወይም 6 አምፔር ይስባል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ልክ የንግግሩን ቁልፍ ስትጫን ሬዲዮው ሊጠፋ ይችላል። ስትሞክረው በዝምታ ሳይሆን በከፍተኛ ኃይል እያወራህ ሞክረው። ፊውዙን አምራቹ ባለው ልክ አድርግ። ሬዲዮውንና ድምፅ ማጉያውን ከኮምፓስ አርቅ፣ ማግኔቱ ያሳስተዋል።

አሁን ከልቤ የምለምንህ ነገር አለ። ሬዲዮው ዲኤስሲ፣ ማለትም የጭንቅ ጥሪን በዲጂታል መልእክት የሚልክ ሥርዓት፣ ያለው ይሁን፣ ከገዛኸውም በኋላ አስተካክለህ አዘጋጀው። ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለው። ከፍተህ ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ስትይዘው በቻናል 70 በኩል ማንነትህንና ያለህበትን ቦታ ይልካል። እየተንቀጠቀጥክ ቁጥር ማንበብ አያስፈልግህም። ይህ እንዲሠራ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ኤምኤምኤስአይ የሚባለው ባለ 9 አሃዝ የሬዲዮህ መለያ ቁጥር ነው። ከአገርህ ፈቃድ ሰጪ አካል ትወስደዋለህ። ብዙ ሬዲዮ ቁጥሩን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው የሚያስገባህ፣ ስለዚህ ረጋ ብለህ አስገባ። ሁለተኛው ጂፒኤስ ነው። ውስጡ ከሌለው ከውጭ አገናኘው። ቀይ ቁልፍ ይዘው ጂፒኤሱን ሳያገናኙ የሚወጡ ጀልባዎች አይቻለሁ፣ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ቁልፉን ለሙከራ አትጫነው። በእውነተኛ ጭንቅ ከተጫንከው በኋላ ግን በቻናል 16 ሜይዴይ የሚለውን የጭንቅ ቃል ሦስት ጊዜ ብለህ በድምፅ ጥራ።

ስልክ አለኝ የሚሉ ሰዎች አሉ። ስልክ የሚያገናኝህ ከአንድ ሰው ጋር ነው። ሬዲዮ ግን አካባቢህ ላለ ጀልባ ሁሉ ያሰማል። እኔን ያዳነኝ ስልክ ቁጥሩን የማላውቀው ሰው ነው።

ኤአይኤስ የምትጨምር ከሆነ አንቴናውን በተራ ማካፈያ አታካፍለው። ሬዲዮው ሲናገር 25 ዋቱ በቀጥታ መቀበያውን ያቃጥለዋል። ለዚሁ የተሠራ ማካፈያ ግዛ፣ ወይም ለየብቻ አንቴና አድርግ።

ገጥመህ ስትጨርስ ኤስደብልዩአር መለኪያ፣ ማለትም ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ መሣሪያ፣ ተዋስና ለካ። ከ1.5 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ2 ካለፈ መጀመሪያ የኬብሉን ጫፎች ፈትሽ። ከዚያ ጓደኛህን ከ5 ኪሎ ሜትር ላይ በመነጋገሪያ ቻናል፣ በ16 ሳይሆን፣ በ1 ዋት ጥራው። እሱ አንተን በ1 ዋት ከሰማ በ25 አትጠራጠር። በዓመት አንዴ ናስትሮውን ፈትተህ ማገናኛውን እይ። ከሬዲዮው እስከ አንቴናው መያዣ ኬብሉ የሚሄድበትን መንገድ በገመድ ለካና እዚህ ጻፍልኝ፣ የትኛው ውፍረት እንደሚበቃህ አብረን እናሰላዋለን።